ጨፌዋ በበዓል ልብሷ

ጡረታ ማለት ደረቅ ካልሲ ማለት ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ከእኔ በፊት የወጡት ጓደኞቼ፣ አንዱ ስለ ትርፍ ጊዜ፣ ሌላው ስለ ሚስቱ ቁጣ አውርተውኛል፤ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ እግሬን ደረቅ ካልሲ ውስጥ ስከት ጭቃው እንደሚናፍቀኝ ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው። ባለቤቴ «እንቁራሪት እያገባሁ መሆኔን የሠርጌ ዕለት ቢነግሩኝ ኖሮ…» ትላለች። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሳው አታውቅም፤ እኔም ጨርሺው ብያት አላውቅም።

የደመወዝ ወረቀቴ «ረዳት የእንስሳት ጤና ባለሙያ» ይለኝ ነበር። ስለ ደመወዙ ራሱ ብዙ የሚወራ የለም። አንኮበር ውስጥ ግን የምታወቀው «የቀንድ አውጣ ሐኪም» ተብዬ ነው። ጎረቤላ ገበያ ላይ ባለፍኩ ቁጥር «ዛሬስ ስንቱን ወጋህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሰው ሲስቅብኝ ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ አንድ ነገር በነፃ አቀርባለሁ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጉበት ትል የሚባል በሽታ የደጋውን በግ ይጨርሳል። ትሉ በጉ ሆድ ከመግባቱ በፊት ግማሽ ዕድሜውን የሚኖረው ረግረግ ውስጥ ባለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ በጉን የሚያክም ሰው ረግረጉን ማወቅ አለበት። እኔም ለበጉ ስል ረግረግ ገባሁ፤ ከዚያ በጉን ረሳሁትና ከረግረጉ ፍቅር ያዘኝ።

ለዚህ ጥፋተኛው የመጀመሪያ አለቃዬ ጋሽ ደምሴ ናቸው። ደብረ ብርሃን የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል በሚዛን የሚሸጥ ይመስል የሚቆጥቡ ሰው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ በረሳ ወንዝ ዳር ሲወስዱኝ አዲስ ቡት ገዝቼ፣ ሱሪዬን ቡቴ ውስጥ ከትቼ፣ ጄኔራል መስዬ ነበር። እሳቸው ጫማቸውን አወለቁ፤ ሁለቱን ክር አንድ ላይ ቋጥረው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

«አውልቅ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አልቅት ቢይዘኝስ?»

«ይያዝህ። አልቅት ያለበት ውኃ ደህና ነው። የሚያስፈራው አልቅት እንኳ አልኖርበትም ያለው ነው።»

ከዚያ ውኃው መሐል ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የሚጸልዩ መስሎኝ አብሬ ጨፈንኩ፤ አንድ ዓይኔን ግን ለአልቅቱ ተውኩት። ብዙ ቆዩና «ዛሬ የቀረው ማነው?» አሉኝ።

«ከቢሮ ነው ጋሼ? ዘበኛው ቀርቷል፣ ሆዱን አሞታል።»

ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የታመመ በግ እንኳ እንዲያ አይተው አያውቁም። «ከዚህ ነው የምልህ» አሉ ውኃውን እያሳዩ። «ያለውንማ ማንም ያያል። መምጣት ሲገባው ያልመጣውን ንገረኝ።»

እንግዲህ መምህሬ እኒህ ናቸው። ቀሪ ይጠራሉ። በበጋ መጨረሻ መምጣት የነበረበት እንቁራሪት፣ ከዝናቡ ቀድሞ ማቆጥቆጥ የነበረበት ቄጠማ፣ ክንፋቸው ሰማያዊ የሆነ፣ ይብራ የምንላቸው እነዚያ የደጋ ዝዮች፤ ሁሉንም እንደ ክፍል ተማሪ ያውቋቸዋል። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ወረቀት ላይ አንድ ነገር ከማስፈራቸው በፊት በአቅራቢያው ላለ ገበሬ ይነግሩታል። ገበሬው ከሳቀ አይጽፉትም። እኔ ይህን ልማድ ብከተል ኖሮ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ገጽ አልሞላም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ወደ አንኮበር ተዛወርኩ። ከጎረቤላ ወጣ ብሎ፣ ደጋው ወደ ቆላ ሊወረወር ሲል እፎይ ብሎ የተኛበት ቦታ፣ ሰፊ ጨፌ ነበረ። ጨፌ የምንለው በጋ ከክረምት ውኃ የማይለየው የሣር ሜዳ ነው። የደጋው ሰው በበጋ ከብቱን የሚያተርፈው በእሱ ሣር ነው፤ ከጨፌው ጫፍ ሾልኮ ገደሉን የሚወርደው ውኃ ደግሞ ታች አልዩ አምባ ዙሪያ ያለውን አትክልት ያጠጣል። ይህን ሁሉ ብቻዬን መከታተል አልችልም። ረዳት ያስፈልገኛል።

በዚያ በደርግ ዘመን ግን «ፈቃደኛ» የሚለው ቃል ታሞ ነበር። የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ «ፈቃደኞች» ከተባለ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጣቱን መቁጠር ይጀምራል፤ የፈቃደኞቹ ስም ከስብሰባው በፊት ተጽፎ እንደሚያልቅ ያውቃላ! እኔም ተነሥቼ «በወር አንድ ቀን ጨፌውን አብሮኝ የሚያይ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ» ስል አንገት ሁሉ ተደፋ። ከኋላ አንዲት ጠይም፣ ትከሻ ሰፊ ሴት ተነሣች።

«እምቢ ማለት ይቻላል?»

«ይቻላል» አልኩ።

«እንግዲያው እኔ አለሁ» ብላ ተቀመጠች።

እትዬ አስካለ ትባላለች። የበግ ሱፍ ሥራ የምትሠራ፣ ምላሷ ከምላጭ የሰላ ሴት ናት። እሷ ስትነሣ ሌሎችም ተነሡ። የመጀመሪያው ቀን እኔ መሪው ከፊት ከፊት እየሄድኩ «እዚህ ጋ ተጠንቀቁ» እያልኩ ሳለ እስከ ወገቤ ሰመጥኩ። እትዬ አስካለ መቀነቷን ፈታ ወረወረችልኝና እየጎተተች ወደ ሰዎቹ ዞራ «መንግሥት የላከልን ይኼን ነው እንግዲህ፤ ጎበዝ፣ እንዳይጠፋብን!» አለች። አንዱ ቡቴ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንደ ጋሽ ደምሴ በባዶ እግሬ ነው የምገባው፤ በእምነት ሳይሆን ጫማ በማጣት።

ቀኑን ስንመርጥ ችግር መጣ። ገበሬ በሥራ ቀን እርሻውን ጥሎ አይመጣም። በበዓል ቀን ደግሞ ሥራ የለም። አባ ተክሌ፣ የአጥቢያው ቄስ፣ እሳቸውም ከፈቃደኞቻችን አንዱ፣ ነገሩን አሰቡበትና ፈረዱ፤ ማየት ሥራ አይደለም፤ ውኃ መቅዳትም በዓል አይሽርም። ስለዚህ በየወሩ በሚካኤል ቀን፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ጨፌውን እናያለን። አንድ ነገር ብቻ አላስማማቸውም። የጭቃውን ጥልቀት የምንለካው ረጅም ዘንግ በመውጋት ነው። «ይህ መሬት መውጋት ነው» አሉ አባ፤ «ከእርሻ በምን ተለየ?»

ይህን የፈታው ጋሽ ሰይድ ነው። ከአልዩ አምባ በርበሬና ሎሚ በአህያ ጭኖ የሚወጣ ነጋዴ ነው፤ አትክልቱ የሚጠጣው የእኛን ጨፌ ውኃ ስለሆነ ሳንጠራው ነበር የመጣው። «አባ፣ ዘንጉን ለኔ ይስጡኝ» አለ። «የናንተ ሚካኤል እኔን አይከለክለኝም። ወላሂ፣ ጁምዓ ላይ ካልጣላችሁት እስከ ቂያማ እወጋላችኋለሁ።» እንዲህ ሆኖ ክርስቲያኑ ያያል፣ እስላሙ ይወጋል። የፖለቲካው ኃላፊ ጓድ አበራ «ለምን ሁልጊዜ በአሥራ ሁለት?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ሳይንሳዊ ምክንያት አለው፣ ጓድ» አልኩት። የመንዝ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል። አየት አደረገኝና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ነጭ የቆርቆሮ ሳህን በገመድ አስረን ውኃው ውስጥ እናወርዳለን፤ ከዓይን የሚሰወርበት ቦታ ላይ ገመዱን በጥፍራችን ይዘን እናወጣዋለን። ውኃው የደፈረሰ እንደሆነ ሳህኑ ቶሎ ይጠፋል። ከዚያ ድንጋይ ገልብጠን፣ ሥሩን በወንፊት ጠልፈን፣ ያገኘነውን ሳህኑ ላይ እንበትናለን። ጭራቸው ሦስት ፀጉር የሆነ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ። ስማቸውን የሚያውቅ ስናጣ እትዬ አስካለ «ባለሦስቶቹ» አለቻቸው። ባለሦስቶቹ ኩሩ ናቸው፤ ውኃው ትንሽ ከከፋባቸው መጀመሪያ ቤት ለቀው የሚወጡት እነሱ ናቸው። ቀይ ትል ግን የትም ያድራል፤ እንደ እኔ። ስለዚህ ሳህኑ ላይ ባለሦስቶቹ ሲርመሰመሱ ካየን ያ ወር ደግ ነው። ቀይ ትል ብቻ ከሆነ ሰው ሁሉ ፊቱን ያጠቁራል።

የሚናፍቀኝ ይህ ነው። ሹመት አላገኘሁም፤ ባገኝም አይናፍቀኝም ነበር። የሚናፍቀኝ እነዚያ ሁሉ ጎልማሶች ቀሚስና ሱሪያቸውን ሰብስበው አንድ ሳህን ላይ አጎንብሰው ሲከራከሩ ነው። «ይኼ ሁለት ጭራ ነው!» «ሦስት ነው፤ አንዱን አንተ ሰበርከው!» «አባ፣ ይፍረዱ!» አባ ተክሌ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ እንደ ዳዊት አጥንተው፣ «ሦስት ነው፤ አንዱ ግን ትሑት ነው» ይላሉ። ጋሽ ሰይድ ዘንጉን ወግቶ እጁ እስከ ብብቱ ሲሰምጥ «አልሐምዱሊላህ፣ ወፍራለች!» ብሎ ይጮኻል። ጨፌዋን ነው። ይብራዎቹ በጩኸቱ ይነሡና ዞረው መልሰው ያርፋሉ፤ ለምደውናል። እኔ በራዬ ላይ አንዷ የጣለችብኝን ጠርጌ ሳልጨርስ እትዬ አስካለ «ተዉት፤ ማዳበሪያ ነው፣ ምናልባት ይበቅልለታል» ትላለች።

ከዚያ አንድ በጋ ቀንድ አውጣ እያነሰ መጣ። የእኔ የሥራ ጠላት! የበጉ ጉበት ተሻለ። አለቆቼ ደስ አላቸው፤ አውራጃው ስብሰባ ላይ ተጠርቼ ተጨበጨበልኝ። ቀንድ አውጣው ለምን እንዳለቀ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ጭብጨባው እንዳይቋረጥ አልተናገርኩም። በቀጣዮቹ ወራት ግን ባለሦስቶቹ ቀሩ። አልቅቱ ቀረ። በዝናቡ መጀመሪያ እንቁራሪት አልጮኸም። ቀይ ትሉ እንኳ ሳሳ። ሳህኑን ስናወርድ ግን እስከ ወለሉ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ጭቃው ያው ወፍራም ነው። ከላይ ካለው ጉብታ ጀርባ ወደ ጨፌው የሚገባው ምንጭ ደግሞ ድንጋዮቹ ነጭ ሆነው ያበራሉ። ውኃው እንደ መስታወት፣ ውስጡ ግን ማንም የለም።

እንደ ግዴታዬ «ውኃው ንጹሕ ነው፤ ጭቃው ደህና ነው፤ በውስጡ ግን ሕይወት ያለው ነገር እየጠፋ ነው፤ ምክንያቱ አልታወቀም» ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ፎርሙ ለእንቁራሪት ቦታ ስላልነበረው «ልዩ ልዩ» የሚለው ላይ ነው የጻፍኩት።

ምክንያቱን ፍለጋ ደብረ ብርሃን ሄጄ ጋሽ ደምሴን አማከርኳቸው። ጡረታ ወጥተው ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ካልሲ ውስጥ ነበር፤ ያኔ ምኑም አልገባኝም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና «መቼ መቼ ነው የምታዩት?» አሉ።

«በሚካኤል ነው ጋሼ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ሰዉ ሥራ የማይሠራው ያን ቀን ስለሆነ።»

ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ልጄ፣ የኔም ቤት እኮ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ንጹሕ ነው» አሉ። «እናንተ ጨፌዋን የምታዩዋት በበዓል ልብሷ ነው። እስቲ በሥራ ቀን ሂዱባት።»

በማክሰኞ ሄድን። እርሻ አስፈትቼ፣ ተቆጥቼ፣ ለምኜ ነው የወሰድኳቸው። እትዬ አስካለ ብቻ «ሥራ አለብኝ» ብላ ቀረች። ከጉብታው ጀርባ ስንደርስ ምንጩ አፍ ላይ አረፋው እንደ ጠላ ገንፍሏል። ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሱፍ እያጠቡ ነው፤ መሐላቸው ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ ያደረገችው እትዬ አስካለ ናት።

«ምን ሆናችሁ?» አለች። «ዛሬ ሚካኤል ነው እንዴ?»

«እትዬ አስካለ፣ እዚህ ነው እንዴ የምትሠሪው?»

«ታዲያ ሱፍ ሰማይ ላይ ይታጠባል? ለግንባር ብርድ ልብስ ቶሎ አድርሱ ከተባልን ጀምሮ ከበዓል በቀር ከዚህ ወጥተን አናውቅም።»

ሱፍ እንደሚታጠብ ያላወቀ በመካከላችን አልነበረም። እኔም አውቅ ነበር፤ ሁላችንም አውቀን አላየነውም። ድንጋዮቹን ነጭ ያደረጋቸው ንጽሕና መስሎን ነበር። የሚያጥቡበት እንዶድ ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ያን ያህል ግን አላመንኩም። እትዬ አስካለ ተቆጣች። «በእንዶድ የሙሽራ ልብስ አጥቤያለሁ፤ ልጆቼን አጥቤያለሁ፤ ማንን ገደልኩ?»

ከሌላ ምንጭ ባለሦስቶችና ቀንድ አውጣዎች አምጥተን በሁለት ሳህን ከፈልናቸው፤ አንዱ ንጹሕ ውኃ፣ ሌላው ከአረፋው የተቀዳ። እሷ ራሷ ቤቷ አሳደረቻቸው። በነጋታው ጠዋት ሁለቱን ሳህኖች ተሸክማ ቢሮዬ ድረስ መጣች። በአንደኛው ይሯሯጣሉ። በሌላኛው የሚነቃነቅ የለም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻቸውና ሳህኖቹን ሳይሆን የእጇን መዳፍ ገልብጣ አየችው። ያን ቀን አልቀለደችብኝም። ብትቀልድብኝ እመርጥ ነበር።

ሴቶቹን የመከረቻቸው እሷ ናት። ከጨፌው ርቆ ደረቅ ሜዳ ላይ ጉድጓድ አስቆፈረች፤ ውኃውን በእንስራ እየተሸከሙ ወስደው እዚያ ያጥቡ ጀመር። ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው፤ ትእዛዙ ደግሞ አልቀነሰም። ማንም አላስገደዳቸውም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጥግ ጥጉን አንድ ሁለት አልቅት አየን፤ አንዱ ጋሽ ሰይድ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢጣበቅ እሱ «ኢንሻአላህ ዘመዶችህን ጥራ» ብሎ ሳያላቅቀው ቆየ።

ግን ዘግይተን ነበር። ጓድ አበራ አስጠራኝ። ሪፖርቴ ፊቱ ተዘርግቷል። ጨፌው ተንጣፍፎ ስንዴ እንዲዘራበት ተወስኗል አለኝ።

«ጓድ፣ ጨፌው እየዳነ ነው። ምክንያቱን አግኝተናል፤ እንቁራሪቱም፣ ቀንድ አውጣውም ይመለሳሉ።»

«ቀንድ አውጣውም?» አለ። «ቀንድ አውጣ ጠፋ ተብሎ አይደል የተጨበጨበልህ? አሁን ተመልሶ ይምጣ ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«የበጉ ሐኪም ነህ ወይስ የቀንድ አውጣው?»

ገበያው ሁሉ የሚጠይቀኝን ጥያቄ ነው የጠየቀኝ፤ የዚያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። የበጋውን ሣር ነገርኩት፣ የአልዩ አምባን ውኃ ነገርኩት። «ሕይወት የለበትም ያልከው አንተ ነህ» አለኝ፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ከላይ የመጣ የስንዴ ኮታ ነበረበት። እኔ የጻፍኩት «እየጠፋ ነው» ነበር። ወረቀት ላይ ግን «እየጠፋ» እና «የለም» የሚራራቁት ለጻፈው ሰው ብቻ ነው።

ውኃውን የሚያፈስሰውን ቦይ እንዲቆፍሩ ፈቃደኞች ተፈለጉ። ስማችን ቀድሞ ተጽፎ ነበር፤ የጨፌው ተመልካቾች መሬቱን እናውቀዋለንና! አካፋ ይዘን ወጣን። የት ጋ ጥልቅ እንደሆነ፣ የት ጋ ቢቆረጥ ቶሎ እንደሚፈስ ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ጋሽ ሰይድ ለዓመታት ዘንግ የወጋበትን ቦታ በአካፋ ከፈተው። ውኃው መጀመሪያ ያመነታ መሰለ፤ ከዚያ ሄደ። ስንዴው የመጀመሪያውን ዓመት አማረ፤ በኋላ መሬቱ እንደ ጡብ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። አሁን በዚያ ሳልፍ አውቶቡሱ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ወደዚያ የምዞረው እኔ ብቻ ነኝ፤ አጠገቤ ያለው ሰው አንገቴን ያመመኝ ይመስለዋል።

ውኃው ከሄደ በኋላ የመጀመሪያው ሚካኤል ደረሰ። ማንም ማንንም አልጠራም። እኔ ራሴን «እግሬን ላፍታታ ነው» ብዬ ሸንግዬ ወጣሁ። ስደርስ እትዬ አስካለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከዳር ተቀምጣለች። አባ ተክሌ ከጎኗ ናቸው። ጋሽ ሰይድ አህዮቹን አራግፎ ከእነርሱ አጠገብ አረፈ። ሌሎቹም አንድ በአንድ መጡ። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ጥቁር ጭቃና የደረቀ ቄጠማ ብቻ።

የጓድ አበራ መኪና መንገዱ ላይ ቆመ። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ በዚያ ጊዜ ቀልድ አልነበረም። እየተንደረደረ መጣና በላያችን ቆመ።

«ይህ ምን ስብሰባ ነው? ማን ፈቀደላችሁ?»

«ስብሰባ አይደለም» አለች እትዬ አስካለ፣ ሳታየው። «ልቅሶ ነው።»

ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቀም። ወደ ጭቃው አየ። አባ ተክሌ፣ ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ እንደሚደረገው፣ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። የመንዝ ልጅ ነው ብያችኋለሁ። ለቦታ ለቃቂ እምቢ ብሎ መቆም አልቻለም፤ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ።

አንዱ የደረቀ ቄጠማ ነጨ፤ ሌላው ከእግሩ ጭቃ ፋቀ። በመጨረሻ ጓድ አበራ ተነሣ፤ ቆቡን በእጁ እንደያዘ፣ የእግዜርን ስም ከጠራ ዓመታት ያለፉት ያ ሰው፣ ከልቅሶ ቤት ሲወጣ እናቱ እንዳስለመደችው ጎንበስ ብሎ፣

«እግዜር ያጽናችሁ» አለ።

ጋሽ ሰይድ «አሚን» አለ፤ እኛም «አሜን» አልን።